የአባቴ መምጣት በሁለት ቋንቋ

እኔ እንጀራዬ አክብሮት ማስተማር ነው። መቱ ከተማ ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሰሌዳው ላይ «አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ» ብዬ እጽፍና፣ ትልቅ ሰው «መጣ» እንደማይባል፣ «መጡ» እንደሚባል፣ አንድ ሰው ሲከበር ብዙ እንደሚሆን ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ስስብ ኖሬያለሁ። ትምህርቱ ለኔ ለራሴ የገባኝ ግን በቅርቡ ነው፤ ያውም በአማርኛ ሳይሆን በኦሮምኛ። ያስተማሩኝም ፊደል ያልቆጠሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት ናቸው።

ጉዳዩ ሲጀመር አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ይህ ዕድሜ ሴት ሁሉን አውቃለሁ የምትልበት፣ ጉልበቷ ደግሞ አላውቅሽም የሚልበት ነው። እኔና ባለቤቴ አንድ የማንበቢያ መነጽር በጋራ እንጠቀማለን። ሁለተኛ መነጽር መግዛት አቅቶን አይደለም፤ የገዛው ሰው አርጅቻለሁ ብሎ እንዳመነ ስለሚቆጠርበት ሁለታችንም ሌላው እስኪሸነፍ እየጠበቅን ነው። እሱ ስልኩን ሲያነብ እኔ ምስር አልለቅምም፤ እኔ ምስር ስለቅም እሱ ዓለም ላይ ምን እንደደረሰ አያውቅም። የተማሪ ደብተር የማርምበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ዜናም ምስር ወጥም የለም።

ባለቤቴ ከመቱ ቅርብ ያለችው የሁሩሙ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ቢሆንም አማርኛው ከኔ አያንስም። ሲቆጣ በኦሮምኛ ይቆጣል፣ ሲለማመጥ በአማርኛ ይለማመጣል፣ ሲያንኮራፋ በሁለቱም ያንኮራፋል። ከትዳሬ ከተማርኩት ትልቁ ነገር የሁለት ቃላት ልዩነት ነው። «ቶሌ» በኦሮምኛ ያው «እሺ» ማለት ነው። በኛ ቤት ግን «እሺ» ሲል ሰምቼሻለሁ ማለቱ ነው፤ «ቶሌ» ሲል ደግሞ ሰምቼሻለሁ፣ አላደርገውም ማለቱ ነው። የሚንጠባጠበው ቧንቧችን ስድስት ወር ሙሉ በ«ቶሌ» ሲጠገን ቆይቷል። ይህን የመሰለ ረቂቅ ልዩነት በጆሮዬ ስለምለይ ራሴን የቋንቋ ሊቅ አድርጌ እቆጥር ነበር።

እውነቱን ለመናገር ኦሮምኛዬ ከሁለት ቦታ የተለቃቀመ ነው፤ ከትምህርት ቤት ግቢና ከገበያ። ልጆችን ና፣ ተቀመጥ፣ ዝም በል ማለት እችላለሁ። ሽንኩርት ሻጭ የበሰበሰውን ከታች ብትደብቅብኝ ጉዷን እነግራታለሁ። ለአማቴ ደግሞ ሠርጌ ሰሞን ያስጠኑኝ የሰላምታ ዝርዝር አለኝ፤ ከብቶቹን፣ ንቦቹን፣ ዝናቡን በየተራ ጠይቄ ስጨርስ ወደ ማጀት እሸሻለሁ። በዚህ ኦሮምኛ ሰው መርታት ይቻላል። ትልቅ ሰው ማክበር እንደማይቻል አላወቅኩም ነበር።

የሚያሳፍረው አባቴ ጎሬ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበሩ መሆናቸው ነው። ድሮ ዳኛው በአማርኛ ይጠይቁ፣ ገበሬው በኦሮምኛ ይመልስ፣ አባቴ መሃል ቆመው ያቀባብሉ ነበር። ክልሉ ኦሮሚያ ሆኖ ፍርድ ቤቱ በኦሮምኛ መሥራት ሲጀምር ሥራቸው አበቃለት ያሉ ነበሩ። አላበቃም፤ ተገለበጠ እንጂ። ዳኛው በኦሮምኛ ይጠይቃል፣ ከሌላ አገር የመጣው ነጋዴ በአማርኛ ይመልሳል፣ አባቴ እዚያው ቦታቸው ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደዚያኛው ያዞራሉ። የሰው ቃል አስተላልፈው ሲጨርሱ «በትክክል ተተርጉሟል» ማለት ልማዳቸው ነበር። እናቴ በሕይወት ሳሉ ጎረቤት ምን እንዳለች ሲነግሯቸው እንኳ መጨረሻ ላይ ይህችን አይተዉም። ሆኖም ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ ሥራ ወደ ቤት አይመጣም ይሉ ነበር። እኔም የአስተርጓሚ ልጅ ሆኜ ሁለተኛውን ቋንቋ ከሽንኩርት ሻጮች ተማርኩ።

እናቴ ካረፉ በኋላ አባቴ ጎሬ ኮረብታው ላይ ያለው ቤት ውስጥ ከአንዲት ግራጫ ድመት ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ክረምት በጭቃ ተንሸራተው ደጃፋቸው ላይ ወደቁ፤ ሰው እስኪያገኛቸውም ዝናብ እየደበደባቸው ተኝተው ቆዩ። ይህን የሰማሁት ከሳቸው አይደለም፤ ከጎሬ ቅቤ ይዛ ከመጣች ሴት ነው። ስደውልላቸው «ትንሽ አረፍ ብዬ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሌሊት ተነስቼ መስኮት ላይ እቆማለሁ። ኢሉባቦር ደግሞ የማይዘንብበትን ቀን መቁጠር ይቀላል። ዳግም ቢወድቁ ማንም ሳይደርስላቸው ይቀራል ብዬ ፈራሁ፤ ጉዳዩ ይኸው ነበር፣ ሌላ ነገር አልነበረውም።

ስፈራ ታዲያ አዛዥ እሆናለሁ። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ክፍሏ ባዶ ነበር። ቀለም አስቀባሁት። አናጢ ጠርቼ ለሽማግሌ ወገብ የሚስማማ አልጋ አሠራሁ። የሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት አስተከልኩ። ሁሉ ሲሟላ ለአባቴ ደወልኩና፣ አባዬ፣ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ልብስዎን ያዘጋጁ፣ ድመቷን ለጎረቤት ይስጡ፣ ጨውም ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ አልኳቸው። ከግሦቹ አንዷ እንኳ ከ«እርስዎ» አልጎደለችም፤ ተማሪዬ እንዲህ ቢጽፍልኝ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር።

አባቴ እምቢ አላሉም፤ የፍርድ ቤት ሰው ናቸውና ቀጠሮ አስለወጡ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጣሪያው አፈሰሰ። በሁለተኛው የሰፈሩ ዕድር ስብሰባ ነበረው። በሦስተኛው ሬድዮናቸው መቱ ላይ አይሰማም የሚል ወሬ ደረሳቸው። በአራተኛው ድመቷ ነፍሰ ጡር ሆነች፤ ያቺ ድመት ግን እኔ እስከማውቀው ወልዳ የማታውቅ አሮጊት ናት።

ባለቤቴን ላክሁት። አባትን ለመለመን ሽማግሌ መላክ ያባት ነው፣ አንተም ወደ ሽማግሌው እየተጠጋህ ነው አልኩት፤ «ቶሌ» አለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ጎሬ ሄዶ፣ ምሳ በልቶ፣ ከአባቴ ጋር ስለ መንገዱ መበላሸት ግማሽ ቀን ተስማምቶ፣ ጆንያ ሙሉ አቮካዶ ተሸክሞ ተመለሰ። አባቴስ ስለው እንዴት አድርጌ ላንሳው፣ ደስ ብሏቸው ሳለ አለኝ። አቮካዶውን አንድ ሳምንት በላነው።

በመጨረሻ ሳልልካቸው የሄዱት አማቴ ናቸው። ሰባ አምስት ያለፋቸው፣ ሁሩሙ ላይ ንቦቻቸውን ትተው ለሠርግ እንኳ የማያድሩ ሴት ናቸው። አንድ ማክሰኞ ነጠላቸውን ደርበው፣ አንድ ጀሪካን ማር አስጭነው፣ በመቱ በኩል አልፈው፣ እኛ ቤት እንኳ ሳይገቡ ጎሬ ወጡ። ለምን እንደሄዱ የነገረኝ ባለቤቴ ነው። ሰማይ ቢገለበጥ የኔን ትእዛዝ ያልሰሙ አባቴ የሳቸውን አይሰሙም ብዬ አሰብኩ።

አመሻሹ ላይ ከመንገድ ደወሉ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ቃሉን እየበጣጠሰ ያቀብላል። ከንፋሱና ከመኪናው ድምፅ መሃል አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ደረሰኝ።

«አባን ኬ ቦሩ ሂን ዱፉ።»

ከዚያ መስመሩ ጠፋ። አባትሽ ነገ ማለታቸው ነው። የቀረውን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በኛ አገር ኦሮምኛ ሽንኩርት ሻጭ «ሂን ዱፋ» ካለችኝ ይመጣል ማለቷ ነው፣ «ሂን ዱፉ» ካለችኝ አይመጣም ማለቷ ነው። የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነው፣ እኔ ደግሞ የፊደል ሰው ነኝ። አባቴ አይመጡም።

ስልክ አንስቼ አባቴን ላናግር ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ከፋኝ። ከአማቴ ጋር ቁጭ ብለው እምቢ ማለታቸው ደግሞ የባሰ ከፋኝ። ባለቤቴ ሲገባ እናትህ ደውለው ነበር፣ አባዬ አይመጡም አልኩት። በኦሮምኛ ምን እንዳሉ አልጠየቀኝም፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝና አመነኝ። ተናድጄ ስለነበር አልጋው ይፈታ አልኩት። ሌላ ጊዜ ስድስት ወር የሚፈጅበት ሰው ይህን በግማሽ ሰዓት ጨረሰው። የአልጋውን ብሎኖች ፈትቶ ራስጌና ግርጌውን በረንዳ ላይ አቆመ። ሳሎኑን አጣብቦብን የነበረውን የእናቱን ማር፣ አሥራ አንድ ጀሪካን፣ ወደ ክፍሉ አስገባ። ለካ ክፍሉን ከመጀመሪያውም ዓይኑን ጥሎበት ኖሯል።

በማግስቱ እኔ ትምህርት ቤት፣ እሱ ቢሮ ዋልን። አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ጎረቤቴ አጥሩ ሥር ጠበቀችኝ። አንድ ኮት የለበሱ ሽማግሌ በባጃጅ መጥተው ነበር አለችኝ። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው ክዳኑ የታሰረ ቅርጫት ይዘዋል፤ ቅርጫቱ ውስጥ ድመት ትጮሃለች። በሩን ቢያንኳኩ ሰው የለም። በረንዳው ላይ የቆመውን አልጋ አዩ። በመስኮት ወደ ክፍሉ አጮልቀው ቆዩ። እሷ ቤት ገብተው እንዲጠብቁ ብትለምናቸው አመስግነው እስክሪብቶ ብቻ ለመኑ። ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾለኩትና ወደ መናኸሪያ ተመለሱ።

መነጽሩ ባለቤቴ ኪስ ውስጥ ስለነበር ወረቀቱን እጄን ዘርግቼ አርቄ ይዤ አነበብኩት። አባቴ የእጅ ጽሑፋቸው እስካሁን የፍርድ ቤት መዝገብ ይመስላል።

«መጥቼ ነበር። ክፍሉ በማር ተይዟል። ድመቷም ደክሟታል። ተመልሰናል።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤቴ መጥቶ ሲያየኝ አባቴ የሞቱ መስሎት ቦርሳውን ጣለ። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ አነበበና እናቱ ጋ ደወለ። አማቴ በድምፅ ማጉያው ግቢውን ሞሉት። ነገ ይመጣሉ ብዬ በስልክ ነግሬያት ምን ሠርታችሁ ነው ሰውየውን ከደጅ የመለሳችሁት ይላሉ። እኔ ደግሞ ሂን ዱፉ ነው ያሉኝ፣ አይመጡም ነው ያሉኝ እያልኩ እጮሃለሁ። ባለቤቴ አንዴ ወደ ስልኩ አንዴ ወደ እኔ አየና ሳቅ አፈነው።

ያስረዳኝ እየሳቀ ነው። ለልጅ፣ ለእኩያ፣ ለሽንኩርት ሲሆን ልክ ነሽ፤ ሂን ዱፉ አይመጣም ነው። ለትልቅ ሰው፣ ይልቁንም ለአማች ሲሆን ግን ሰውየው በብዙ ይጠራል። ያኔ ሂን ዱፉ ይመጣሉ ይሆናል። አይመጡም ለማለት ቢፈልጉ ሂን ዱፋን ይሉ ነበር። በድምፅ አወጣጡም ይለያል አለኝ፤ እንግዲህ ያ ኔትወርክ ድምፁን ከነአወጣጡ ያደርስ ይመስል። ከዚያ፣ «እናቴ አባትሽን አክብረው ነው የተናገሩት። አንቺ ነሽ አክብሮቱን አውጥተሽ የሰማሽው» አለ።

ይህን ሲል መሳቁን አቆመ፣ እኔም ማልቀሴን አቆምኩ። መጣና መጡ። ይመጣልና ይመጣሉ። አንድ ሰው ሲከበር ብዙ ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነው። በሌላ ቋንቋ ሲመጣብኝ አባቴ የሚከበሩ ሰው መሆናቸው ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ አስፈቅጄ ጎሬ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው እንዳለ ነው። አባቴ በረንዳቸው ላይ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ሻንጣው አልተፈታም። ድመቷ አይታኝ ዞር አለች። ጉልበታቸውን ስሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። አባቴ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ግን ሴትየዋ ያሉትን ቃል በቃል እንድደግመው አዘዙኝ፤ ደገምኩት። አሁንም አስደገሙኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና በቀስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንደዚያ ነው ያሉት? ከቤተሰቡ መሃል፣ እኔ በሌለሁበት አክብሮ የጠራኝ እሳቸው ብቻ ናቸው ማለት ነዋ።»

እኔም እኮ አባዬ ሁልጊዜ በእርስዎ ነው የማናግርዎ ልል ጀምሬ ነበር። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ሰዋስውሽ እንከን የለውም» አሉ። «ይምጡ፣ ይነሱ፣ ይስጡ፣ ይተዉ። በእርስዎ ታዢኛለሽ። እሳቸው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ልጄ ቤት ስመጣ የማወራው ሰው የለኝም፣ ምራቴ ሁልጊዜ ትቸኩላለች፣ እርስዎ እዚያ ቢኖሩ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ይመስልዎታል አሉኝ። ምን ይመስልዎታል። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ማንም ሰው እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም።»

የአልጋው ቁመት፣ የግድግዳው ቀለም፣ የብረቱ ውፍረት ሁሉ በራሴ ተለክቶ ያለቀ ነበር። ስወድቅ ማን ያየኛል ብለው ፈርተው ይሆን ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። እዚህ ቤት የእናቴ ወንበር እንዳለ፣ እሱን ትቶ መሄድ ምን እንደሚመስል አልጠየቅኳቸውም። በጣም ስለምወዳቸው ጊዜ ያለኝ አልመሰለኝም ነበር። ፍርሃቴን በግልጽ ነገርኳቸው፤ ዝናብ ሲጥል እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ነገርኳቸው። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ምልክቱን ከልቤ አስቀምጬ፣ «አባዬ፣ ከኛ ጋር ቢኖሩ ምን ይመስልዎታል?» አልኩ።

አባቴ ድመቷን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ላስብበት አሉ። መቼ ይነግሩኛል ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት። እስኪ ይኸኛውን ምላሽ ሳትቸኩዪ ጠብቂ ብለው አቮካዶ አሸክመው ሸኙኝ።

ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ከትዳሬም ከጉልበቴም ሕመም ይልቅ ያ ሦስት ሳምንት ጎዳኝ። በየቀኑ ደውዬ ስለ ድመቷ ብቻ እጠይቃለሁ። ስለ ጨው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ባለቤቴን ጀሪካኖቹን ከክፍሉ አውጣ ስለው «ቶሌ» አለኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ እኔው ራሴ አንድ በአንድ ጎትቼ አወጣኋቸው። የማሩ ጠረን ግን አልለቅም ብሎ ቀረ።

አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደገባሁ አማቴ ደወሉ። ኔትወርኩ ያው ነው። ድምፅ አወጣጡ አይሰማም፤ ቃሉ ብቻ ደረሰኝ።

«አባን ኬ ቦሩ ሂን ዱፉ።»

በዚህኛው ጊዜ ማንንም አልጠየቅኩም። ብሎን መፍቻውን ፈልጌ፣ ራስጌና ግርጌውን ከበረንዳ ወደ ክፍሉ አስገብቼ አልጋውን መልሼ ገጠምኩ። አንዱ እግር ትንሽ ያነክሳል፤ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አደረግኩለት። በማግስቱ የጎሬ ሚኒባስ የሚደርሰው ከረፋዱ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጃንጥላ ይዤ መናኸሪያ ቆምኩ። ረዳቶቹ ወዴት ነው እያሉ ሲያዋክቡኝ ዋሉ። የትም አልሄድም፣ ሰው ነው የምጠብቀው አልኳቸው።

አባቴ በመጨረሻው ወንበር ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ቅርጫቱን አቀበሉኝ፣ ከዚያ ሻንጣውን፣ ከዚያ የእናቴን ወንበር ከጣሪያው ላይ አስወረዱ። እጃቸውን ልይዝ ስል ቀድመው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ኮታቸውን አስተካክለው በፍርድ ቤት ፊታቸው አዩኝ።

«መምጣቴን ማን ነገረሽ?»

«አማቴ።»

«ምን ብለው?»

«ሂን ዱፉ ብለው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ይመጣሉ ማለት ነው፣ አባዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ጃንጥላው ሥር ገቡ።

«በትክክል ተተርጉሟል» አሉ።